የእርጥበት ማሽኑ 15 ሲል፣ እጃችን 13 ሲል

የዛሬውን የዋጋ ሰንጠረዥ ማታ እለጥፋለሁ። አሁን ግን ሰሞኑን በውስጥ መስመር ደጋግማችሁ የጠየቃችሁኝን አንድ ነገር ልጻፍ። አንዱ አባላችን እንዲህ ብሎ ነው የላከልኝ፦ «ወንድሜ፣ በቆሎው እኛ ጋ ሲለካ 13 ከምናምን ነበር። አዲስ አበባ ሲገባ 15 አሉኝ፣ ዋጋም ቆረጡብኝ። መንገድ ላይ ውሃ ይጨምራል እንዴ?»

ዝናብ ካልመታው አይጨምርም። ግን አንዱ ወገን የግድ ዋሽቷል ማለትም አይደለም። እኔ ይሄን የተማርኩት ገንዘብ ከፍዬበት፣ ሰውም አስቀይሜበት ስለሆነ በደንብ ላስረዳችሁ።

መጀመሪያ ቁጥሩ ምን ማለት እንደሆነ እንግባባ። በቆሎ 18 በመቶ እርጥበት አለው ሲባል ከ100 ኪሎው 18ቱ ውሃ ነው፣ 82ቱ ነው እህሉ። ያንን በቆሎ ለማከማቻ ወደሚመቸው 13.5 በመቶ ብታደርቁት 82 ኪሎው እህል አይነካም፣ ውሃው ነው የሚሄደው። 82ን ለ0.865 አካፍሉት፣ 94.8 ኪሎ ይመጣል። ማለትም ከአንድ ኩንታል ላይ 5.2 ኪሎ ተነነ። ለስሌት እንዲመቸን ኩንታሉን 5,000 ብር እናድርገው (የዛሬ ዋጋ አይደለም፣ እንዳትደውሉልኝ)። 400 ኩንታል የጫነ ተሳቢ ላይ 20.8 ኩንታል ውሃ ነው፣ 104,000 ብር። ገዢው በእህል ዋጋ ውሃ ገዛ ማለት ነው። ወይም ደግሞ በተቃራኒው አስቡት፦ ሦስት ቀን ሸራ ላይ አስጥቶ ያደረቀው ገበሬ ካላደረቀው ጎረቤቱ ጋር በአንድ ዋጋ ከተገዛ፣ በየኩንታሉ 5 ኪሎ ያጣው ጎበዙ ገበሬ ነው። በሚቀጥለው ዓመት ለምን ብሎ ያድርቅ?

አሁን ወደ ማሽኑ። ብዙዎቻችን የምንጠቀምበት፣ እህል የሚጨመርበት ጽዋ ያለው መለኪያ፣ ውሃን ቀጥታ አያይም። ሁለት ብረቶች መሃል እህሉን ያስቀምጥና ደካማ የኤሌክትሪክ ምልክት ይልክበታል። ውሃ በኤሌክትሪክ መስክ ውስጥ የሚሰጠው ምላሽ ከደረቅ እህል በጣም የተለየ ነው። በሳይንሱ መለኪያ ውሃ 80 አካባቢ ሲሆን ደረቁ እህል ከ5 በታች ነው። ስለዚህ ጽዋው ውስጥ ትንሽ ውሃ ከበዛ ምልክቱ ወዲያው ይለወጣል። ማሽኑ ያንን ለውጥ ያይና ቀድሞ በውስጡ ከተጫነለት ሰንጠረዥ ጋር አስተያይቶ «13.4» ብሎ ይጽፍላችኋል። ግምት ነው፣ ጥሩ ግምት ግን ግምት።

እውነተኛው መለኪያ ምድጃ ነው። እህሉን መዝነው፣ ምድጃ ውስጥ አስገብተው፣ አድርቀው እንደገና ይመዝናሉ። የጎደለው ውሃ ነበር ማለት ነው። ለጥሬ ቡና ዓለም አቀፉ ደረጃ በ105 ዲግሪ ለ16 ሰዓት ነው የሚለው። ያልተፈጨ በቆሎ በአሜሪካኖቹ አሠራር በ103 ዲግሪ 72 ሰዓት ይቆያል። ሦስት ቀን! መኪና በር ላይ ቆሞ፣ ጫኝና አውራጅ እየጮኸ፣ ሦስት ቀን የሚጠብቅ የለም። ለዚህ ነው ፈጣኑ ማሽን የተፈጠረው። ተመራማሪዎቹ የሚለፉትም የፈጣኑን ማሽን ቁጥር ከምድጃው ቁጥር ጋር ለማቀራረብ ነው።

ታዲያ ሁለት ማሽን ለምን ይለያያል? እዚህ ላይ የራሴን ጉድ ልናገር።

ሁለት ዓመት ገደማ ይሆነዋል። አንድ ዕቃ የሚያመጣ ወዳጄ መለኪያ አመጣልኝ፣ ደስ ብሎኝ ይዤው ወደ ወለጋ ወረድኩ። እዚያ ለዓመታት በቆሎ ያቀርብልኝ የነበረ፣ በዕድሜ አባቴ የሚሆን ሰው አለ፣ ጋሼ ነው የምለው። 400 ኩንታል አዘጋጅቷል። ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ላይ የዋለውን ከሰዓት በኋላ ለካሁት፣ 13.4 አለ። «ጋሼ፣ አልቆለታል፣ ይጫን» አልኩት። እሱ «አንድ ቀን ላስጣው እንዴ?» ብሎኝ ነበር። ማሽን አለኝ አይደል፣ አያስፈልግም አልኩ።

ከሁለት ቀን በኋላ መኪናው አንድ መኖ ማቀነባበሪያ በር ላይ ደረሰ። የነሱ ማሽን 15.2 አለ። የሚቀበሉት እስከ 14 ነው። ተከራክረን ተከራክረን በኩንታል 60 ብር ተቀንሶ ገባ፣ 24,000 ብር። ቅናሹ ያረፈው ጋሼ ላይ ነው። ደወልኩለትና ያልኩትን ዛሬም ሳስበው ያሳፍረኛል። «ማታ ሲጭኑ ውሃ አስነክተውታል» አልኩት። ዝም አለ። ከዚያ «ልጄ፣ እኔ ውሃ የማጠጣው ለከብት ነው» ብሎ ዘጋው።

ወር ያህል ቆይቶ ሌላ ጭነት ላይ ማሽኔ እንደገና አሳፈረኝ። ያኔ ነው ካርቶኑ ውስጥ የነበረችውን መመሪያ አውጥቼ ያነበብኩት። ማሽኑ ለእያንዳንዱ እህል የተለየ ኮድ አለው። የኔው ገና ከካርቶን ሲወጣ የነበረበት ኮድ ላይ ነው ያለው፣ እሱም ስንዴ። በቆሎውን በስንዴ ሰንጠረዥ ነበር ስለካው የከረምኩት። የፍሬው ቅርጽና መጠን፣ ጽዋው ውስጥ አቀማመጡ፣ ውስጡ ያለው ዘይትና ስታርች ሁሉ ይለያያል። የአንዱ ሰንጠረዥ ለሌላው አይሠራም።

ሁለተኛው ስህተት ደግሞ ኮዱ ትክክል ቢሆንም የሚያጋጥም ነው። ፀሐይ ላይ የዋለ በቆሎ ላዩ ቀድሞ ይደርቃል፣ እምብርቱ ግን ገና እርጥብ ነው። ማሽኑ ደግሞ ላዩን ነው በይበልጥ የሚያየው። ከረጢት ውስጥ ገብቶ አንድ ሁለት ቀን ሲያድር ከውስጥ ያለው ውሃ ወደ ውጭ ይወጣና ፍሬው ይስተካከላል፣ ያኔ ስትለኩት ቁጥሩ ይነሳል። ውሃ አልተጨመረም፣ ተደብቆ የነበረው ወጣ እንጂ። ሙቀቱም ራሱ ቁጥሩን ያዛባል። ጥሩዎቹ ማሽኖች ሙቀት ለክተው ያስተካክላሉ፣ ግን እህሉም ማሽኑም ጥላ ውስጥ ትንሽ ካልቆዩ ማስተካከያው ራሱ ይሳሳታል። ስለዚህ ለጠየቀኝ ወንድማችን መልሱ ይሄ ነው፦ የሁለታችሁም ማሽን እውነት ተናግሮ ሊሆን ይችላል፣ የለካችሁት ሰዓት ነው የተለያየው።

ይሄ የኮድ ጣጣ እኛን ብቻ አይደለም ያስቸገረው። አሜሪካኖቹ በይፋ የሚመረመረውን እህላቸውን በመንግሥት ተቆጣጣሪ ሥር ነው የሚለኩት፣ እዚያም ለየእህሉ የተለየ ሰንጠረዥ ማዘጋጀትና በየዓመቱ ማስተካከል ትልቅ ሥራ ነበር። የግብርና መሥሪያ ቤታቸው ተመራማሪ ዴቪድ ፈንክና ከሀንጋሪ አብረውት የሠሩ ባለሙያዎች ለዓመታት ሲያጠኑ የምልክቱን ድግግሞሽ ወደ 149 ሜጋኸርዝ ከፍ ሲያደርጉት በእህሎች መካከል ያለው ልዩነት በጣም እንደሚጠብ አገኙ። ከ2012 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዚያ መንገድ የሚሠሩ ማሽኖችን በይፋ መጠቀም ጀመሩ። ላቦራቶሪ ውስጥ የተገኘች አንዲት ቁጥር ስንት የበር ላይ ጭቅጭቅ እንደምታስቀር አስቡት። እኛ ጋ ያሉት ርካሾቹ ማሽኖች ግን እዚያ አልደረሱም፣ ኮድ መምረጥ የናንተ ሥራ ነው።

«እኛ ማሽን ምን ያደርግልናል፣ ጥርስ አለን» የምትሉ እንዳላችሁ አውቃለሁ። እኔም ከነዚህ ነበርኩ። እህል በረንዳ ስንት ዓመት እጄን ከረጢት ውስጥ ከትቼ፣ ፍሬዋን ነክሼ፣ ቀጭ ስትል «ደርቋል» ብያለሁ። የነከሰ ሰው ጭራሽ የረጠበውንና የደረቀውን ይለያል። 13.5 እና 15.5 ግን በጥርስ አይለይም። ገንዘቡ ያለው ደግሞ እዚያች ሁለት ነጥብ ውስጥ ነው።

በዚህ ላይ እዚሁ ኢትዮጵያ ውስጥ የተሠራ ጥናት አለ። ዣሬሚ ዶ ናሲሜንቶ ሚጌል የሚባል ኢኮኖሚስት በ60 የስንዴ ገበያዎች ገበሬው የሸጠውን ስንዴ ጥራት በመሣሪያ አስለክቶ ከተሸጠበት ዋጋ ጋር አስተያየው። በዓይን የሚታየው ነገር፣ ማለትም ገለባውና ባዕድ ነገሩ፣ ዋጋ ላይ ይታያል። በዓይን የማይታየው፣ እርጥበቱና ስንት ዱቄት እንደሚወጣው፣ ዋጋ ላይ የለም። «ንጹሕ ከሆነ ደረቅም ነው» የምንለው ግምትም ሲፈተሽ አልሠራም፣ አንዱ ስለሌላው ብዙ አይናገርም። አንድ ነገር ግን ልዩ ሆኖ ወጣ፦ ገበያው ላይ ወፍጮ ቤት ወይም የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበር ካለ የማይታየው ጥራትም ዋጋ ያገኛል። እኔ ስገምተው ወፍጮ ቤቱ ነገ ራሱ ስለሚፈጨው ነው፣ ውሃ ገዝቶ ዱቄት እንደማይወጣው ያውቃል። እኛ ደላሎች ግን እናሳልፈዋለን። ኮሚሽናችን በኩንታል ነው፣ ውሃም ይመዝናል። ይሄን ስጽፍ ቅር የሚለው ባልደረባ ይኖራል፣ እውነት ነው እንጂ።

ስለ ደላላ ካነሳሁ አይቀር፣ የኛን ሥራ ከማንም በላይ በቁም ነገር ያጠናችው ዶክተር እሌኒ ገብረመድኅን ናት። በ2001 እ.ኤ.አ. በወጣው የእህል ገበያ ጥናቷ ላይ፣ ደረጃ የሚሰጥ አካል በሌለበት ገበያ ሩቅ ያለው ነጋዴ የአዲስ አበባ ደላላን ለምን እንደሚፈልግ ታስረዳለች። እህሉን የሚያይለት፣ ገዢውን የሚያውቅለት፣ የሚያምነው ሰው ያስፈልገዋል። ከዚያ በኋላ በ2008 እ.ኤ.አ. ሥራ የጀመረውን የኢትዮጵያ ምርት ገበያን መርታ አቋቋመች። እዚያ መጋዘን በር ላይ ናሙና ተወስዶ እርጥበቱ በመሣሪያ ይለካል፣ ደረጃ ይወጣለታል፣ ገዢው ከረጢቱን ሳያይ ይገዛል። ግብይቱ መጀመሪያ እጅ ለእጅ በመማታት ነበር፣ በ2015 እ.ኤ.አ. ወደ ኮምፒውተር መሸጋገር ጀመረ። ብዙዎቻችን የምናስታውሰው ስክሪኑን ነው። ለእኔ ግን ትልቁ ለውጥ መጋዘኑ በር ላይ ያለችው መለኪያ ናት። ቁጥሯ ካልታመነች ስክሪኑ ላይ ያለው ዋጋ የምን ዋጋ እንደሆነ አይታወቅም።

ወደ እርጥበቱ ልመለስ፣ ምክንያቱም ገንዘብ ብቻ አይደለም። በ2004 እ.ኤ.አ. በምሥራቅ ኬንያ ሳይደርቅ የተከማቸ በቆሎ ሻገተና አፍላቶክሲን የሚባለው መርዝ ገባበት። 317 ሰው ታመመ፣ 125 ሰው ሞተ። ከገዛ ጎተራቸውም ከገበያም የበሉ ሰዎች ናቸው። ሻጋታው በዓይን ሳይታይም መርዙ ሊኖር ይችላል፣ ቀቅለውም አይጠፋም። እኛ «ትንሽ እርጥበት አለው ግን ይሄዳል» ብለን የምናሳልፈው ጭነት ሰው ቤት ነው የሚገባው።

ታዲያ ማሽን ለመግዛት አቅም ለሌለውስ? እዚህ ላይ የተግባር ምርምሩ ጥሩ ሥራ ሠርቷል። በካንሳስ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ይመራ የነበረ፣ ኢትዮጵያንም ያካተተ የድኅረ ምርት ብክነት ፕሮጀክት ነበር። በዚያ ውስጥ የአሜሪካ ግብርና ምርምር ባለሙያዎች ፒኤችኤል ሜትር የሚባል ርካሽ መለኪያ ሠሩ። ይሄኛው ጽዋ የለውም። ረዘም ያለ ብረት ከረጢቱ ውስጥ ይሰካል፣ ጫፉ ላይ ያለች ትንሽ መሣሪያ በፍሬዎቹ መሃል ያለውን አየር ሙቀትና እርጥበት ትለካለች። እህልና በዙሪያው ያለው አየር አብረው ሲቆዩ ይመጣጠናሉ፣ አየሩን ካወቅክ እህሉን በስሌት ታገኛለህ። ትዕግሥት ይፈልጋል፣ ሰክተህ ጥቂት ደቂቃ መጠበቅ አለብህ። ጋና ውስጥ ሴሲ ቴክኖሎጂስ የሚባል የወጣቶች ድርጅት በዚሁ መንገድ ግሬንሜት የሚባል መለኪያ እዚያው እየሠራ ለገበሬና ለነጋዴ ይሸጣል። እኛ ጋ አንድ የቴክኒክ ኮሌጅ ይሄን ቢይዘው ምን ነበር እያልኩ እመኛለሁ፣ ውስጡ ያለው ዕቃ የተወሳሰበ አይደለም።

ከዚያም የሚረክስ አለ፣ ድራይካርድ። የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ዴቪስ ሰዎች ያወጡት የወረቀት ካርድ ነው። ከእህሉ ጋር በሚገባ በሚዘጋ ዕቃ ውስጥ ይደረጋል፣ ትንሽ ቆይቶ ቀለሙ ይታያል፦ ሰማያዊ ከሆነ ደርቋል፣ ሮዝ ከሆነ አልደረቀም። ለጭቅጭቅ የሚሆን ቁጥር አይሰጥም፣ ግን «ላከማች ወይስ ላስጣ» ለሚል ገበሬ ይበቃዋል።

ካርዱም ከሌለ ጨው አለ። አትሳቁ፣ በቆሎ ላይ የታወቀ ዘዴ ነው። በደንብ የደረቀ የመስታወት ዕቃ ውሰዱ፣ ሲሶውን በቆሎ ሙሉት፣ ሁለት ሦስት የሾርባ ማንኪያ ደረቅ ጨው ጨምሩ፣ ክዳኑን ዘግታችሁ ጥቂት ደቂቃ ናጡት። ሩብ ሰዓት አስቀምጡት። ጨው መስታወቱ ላይ ከተለጠፈ በቆሎው ከ15 በመቶ በላይ ነው። ካልተለጠፈ ከ15 በታች ነው ማለት ነው። ልብ በሉ፣ ከ15 በታች ነው አልኩ እንጂ ለወራት ይከማቻል አላልኩም። ጨው ራሱ እርጥብ ከሆነ ደግሞ ያታልላችኋል፣ ምጣድ ላይ ወይ ፀሐይ ላይ አድርቁት።

ቡና ላይ የምትሠሩ ደግሞ፣ ነገሩ ያው ሆኖ ክልሉ ጠባብ ነው። ዓለም አቀፉ የቡና ድርጅት ለጥሬ ቡና ያስቀመጠው ከ8 እስከ 12.5 በመቶ ነው። ከላይ ካለፈ ይሻግታል፣ ከታች ከወረደ ፍሬው ይሰባበራል፣ ጣዕሙም ይሄዳል፣ በዚያ ላይ ኪሎ ጠፋባችሁ። ጀንፈል እንዳለ ማሽን ውስጥ ጨምሮ የጥሬ ቡና ኮድ ላይ የሚለካ ሰው አይቻለሁ። ቁጥሩ ትርጉም የለውም። መጀመሪያ ናሙናውን ፈልፍሉት። አልጋ ላይ ያለውንም እኩለ ቀን ላይ አትለኩ፣ ጠዋት ፀሐይ ሳይሞቅ፣ ጤዛ ሳይነካው፣ ሌሊት ከተሸፈነበት አውጥታችሁ ለኩት።

ጋሼ ጋ ደወልኩ፣ መመሪያዋን ባነበብኩ በሦስተኛው ቀን። ማሽኑ የኔ ስህተት እንደነበር ነገርኩት። ከ24,000ው ግማሹን፣ 12,000 ብር፣ መለስኩለት። ኮሚሽኔ በኩንታል 20 ብር ስለነበር የአንድ ጭነት ተኩል ሥራ ነው። ለምን ሙሉውን አልመለስክም የሚል ይኖራል። በቆሎው እኮ 15.2 ነበር፣ ያ ውሃ በእውነት እዚያ ውስጥ ነበር፣ ገዢው የቆረጠው አላግባብ አይደለም። ግን እሱ «አንድ ቀን ላስጣው» ሲል ያስቆምኩት እኔ ነኝ። ግማሽ ግማሽ ያልኩት ለዚህ ነው። ብሩን ተቀበለኝ፣ መረቀኝም። ጭነቱን ግን ከዚያ ወዲህ የሚልከው በሌላ ሰው በኩል ነው፣ አልፈርድበትም።

አሁን እኔ የማደርገውን ልንገራችሁና ልጨርስ። ከመጫን በፊት እህሉ ከረጢት ውስጥ አንድ ሌሊት እንዲያድር አደርጋለሁ። ከአንድ ከረጢት ሳይሆን ከላይ፣ ከመሃል፣ ከታች፣ ቢያንስ ከአሥር ከረጢት ናሙና አስወጣለሁ፣ ደባልቄ ሦስት ጊዜ እለካለሁ። ጽዋው ውስጥ ስጨምር ከአንድ ከፍታ፣ ሳልጫነው። የማሽኑን ስክሪን ፎቶ አነሳለሁ፣ ቁጥሩ ብቻ ሳይሆን የእህሉ ኮድም እንዲታይ አድርጌ፣ ለአቅራቢውም ለገዢውም በዚያው ሰዓት እልከዋለሁ። ከዚያው ናሙና ግማሽ ኪሎ በጠበቀ ላስቲክ አሽጌ፣ አቅራቢው እላዩ ላይ ፈርሞበት፣ ከሾፌሩ ጋር እልካለሁ። በር ላይ ቁጥሩ ከተለያየ «እስቲ ይቺን በናንተ ማሽን ለኩልኝ» እላለሁ። የታሸገችው በነሱ ማሽን 13.5 ካለችና ከመኪናው የወጣው 15 ካለ መንገድ ላይ የሆነ ነገር አለ፣ ወይም ናሙናዬ ጭነቱን አይወክልም። ሁለቱም 15 ካሉ የተለያየነው በማሽን ነው፣ ያኔ ስለ ማሽን እንነጋገራለን፣ ስለ ሰው አይደለም። አንዳንድ ፋብሪካ ፈቃደኛ አይሆንም፣ ያጋጥማል። ፈቃደኛ ያልሆነ ገዢ ጋ ዋጋ ስነጋገር ያንን አስቤ ነው የምነጋገረው።

ማሽን ያላችሁ ዛሬ ማታ አውጡትና ኮዱ ምን ላይ እንዳለ እዩ። መመሪያው የጠፋባችሁ የማሽኑን ፎቶ በውስጥ መስመር ላኩልኝ፣ የማውቀው ዓይነት ከሆነ እነግራችኋለሁ። የበቆሎና የስንዴ ዋጋ ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ ይለጠፋል።